«ጭስ ጭስ ትያለሽ!»

ስለ ሽቶ፣ ስለ ቅባትና ስለ ልብስ

ሰውን አንገት ለማስደፋት ረጅም ስድብ አያስፈልግም። ሦስት ቃል ይበቃል። «ጭስ ጭስ ትያለሽ!» አለቀ! ይህችን የሰማች ልጅ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው አጠገብ ለመቀመጥ ትሳቀቃለች። ታክሲ ውስጥ መስኮት ዳር ትፈልጋለች፣ ክፍል ውስጥ የኋላ ወንበር ትመርጣለች። ወንዱም «ኩበት ኩበት ትላለህ» ከተባለ ያው ነው፤ ሳቅ ብሎ ያልፋል እንጂ ውስጡ ይቆስላል። የዛሬው ጽሑፌ ስለ ሽቶ፣ ስለ ቅባትና ስለ አለባበስ ነው። የሚጀምረው ግን ከጭሱ ነው። ለምን ብትሉኝ፣ ብዙዎቻችን ሽቶውንም ቅባቱንም የምንገዛው ለማማር ሳይሆን ያቺን ሦስት ቃል ላለመስማት ነዋ!

ጭሱ ከየት መጣ?

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ነች። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆረቆሯት ከሰማይ በታየ ብርሃን ምክንያት ነው፤ ስሟም ከዚያ መጣ። ብርሃኑን ያዩት ንጉሥ ብርዱንም ሳይቀምሱት አልቀሩም! ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምትና ኅዳር ሲገባ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይታያል። አንኮበርም ቢሆን ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ነፋሱን በደረቱ የሚቀበል አገር ነው።

እንዲህ ያለ አገር የሚኖር ሰው ሁለት ነገር ይወዳል፤ እሳትና ወፍራም ልብስ። እሳቱ ብዙ ጊዜ የኩበትና የባሕር ዛፍ ነው። ልብሱ ደግሞ ጋቢ፣ በርኖስ፣ ባና፣ ሹራብ። የበግ ጠጉርና ወፍራም ጥጥ ሙቀት እንደሚይዙ ሁሉ ሽታም ይይዛሉ፤ ከያዙ ደግሞ ቶሎ አይለቁም። እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ከአንኮበር፣ ከመንዝ፣ ከጅሩ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ከተማ የሚመጣው ልጅ ጭሱን በልብሱ ይዞ ይመጣል።

ልብ በሉ! የጭስ ሽታ የቆሻሻ ሽታ አይደለም። ጠዋት ገላዋን ታጥባ እንጀራ የጋገረች ልጅ ጭስ ጭስ ልትል ትችላለች። ሽታው የሚናገረው ማድቤቱ ጭስ መውጫ እንደሌለው ነው እንጂ ልጅቷ ንጽሕና እንደማትወድ አይደለም። ስለዚህ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የሚስተካከል ነገር ግን አለው። ሁለቱን አንቀላቅል!

አሁን ደግሞ አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገራችሁ። «ፐርፊውም» የሚለው የፈረንጅ ቃል ከላቲን የመጣ ነው፤ ትርጉሙም «በጭስ በኩል» ማለት ነው። የሰው ልጅ የመጀመሪያው ሽቶ ጭስ ነበራ! እኛም ብንሆን ቤታችንን በእጣን እናጥናለን፣ የወተት ዕቃ በወይራ እናጥናለን። ታዲያ ጭስ የሚያሳፍረን መቼ ጀምሮ ነው?

የአንዲት ልጅ ነገር

ስሟን አልጠቅስም፤ ታሪኳን የምጽፈው ግን ፈቅዳልኝ ነው። ለትምህርት ደብረ ብርሃን መጥታ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራየች። ምግብ የሚያበስሉት እዚያው የሚተኙበት ክፍል በር ላይ ነው። አንድ ቀን አብሯት የሚማር ልጅ በሰው ፊት ያቺን ሦስት ቃል ወረወረባት። ሁሉም ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ምን ታድርግ!

በሳምንቱ ከመንገድ ላይ ሽቶ ገዛች። በየቀኑ ሹራቧ ላይ ትረጨዋለች። ውጤቱስ? ጭሱ አልጠፋም፤ ጭስና ሽቶ ተደባልቆ የባሰ ሆነ። ቀጥሎ አንዷ ጓደኛዋ «ፊትሽም ትንሽ ቀላ ቢል እኮ ሰው ሌላውን አያይም ነበር» አለቻት። ከቤተሰብ ከተላከላት የወር ገንዘብ ላይ ቀንሳ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ቅባት ገዛች። ምን እንዳለበት የሚናገር ጽሑፍ የለውም። ስለዚህ ቅባት ወደ በኋላ እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ ግን ሽቶውን እንጨርስ።

ሽቶ መሸፈኛ አይደለም

ላብ ሲወጣ ብዙም ሽታ የለውም። የሚሸተው በብብትና በመሰል ቦታ ያሉ ባክቴሪያዎች ላቡን ሲያብላሉት ነው። ስለዚህ ሳይታጠቡ ሽቶ መርጨት ባክቴሪያውን ማስዋብ ነው! ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፤ መታጠብ፣ በደንብ መድረቅ፣ ዲኦዶራንት፣ ንጹሕ የውስጥ ልብስ፣ ሽቶ በመጨረሻ። ላብ የሚቀንሰውን ዓይነት የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ማታ ስትተኙ በደረቅ ብብት ላይ መቀባት ይሻላል።

«በዚህ ብርድ በየቀኑ ገላ መታጠብ ማን ይችላል?» ትሉኛላችሁ። እውነታችሁን ነው። ነገር ግን በየቀኑ ከራስ እስከ እግር መታጠብ ግድ አይደለም። አንድ ማንቆርቆሪያ ሙቅ ውሃ ካለ ብብት፣ አንገት፣ ጭንና እግር ይታጠቡበታል፤ ሙሉ ገላ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይበቃል። ሙቅ ውሃ መፈለግ የቅንጦት ነገር አይምሰላችሁ። እንጦጦ ላይ ብርድ ያስቸገራቸው የሸዋ መኳንንት ወደ ፍልውሃ ይወርዱ ነበር፤ እቴጌ ጣይቱም በዚያው አካባቢ ቤት አሠሩ፤ አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም እንዲህ ተቆረቆረች። ዋና ከተማችን የተወለደችው ገላ መታጠቢያ አጠገብ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም!

ወደ ሽቶው እንመለስ። ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። «ኦ ደ ፓርፋም» የሚለው የሽቶ ቅባቱ በአብዛኛው ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው፤ «ኦ ደ ቷሌት» ከ5 እስከ 15፤ ኮሎኝ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ስለዚህ አንዱ ቀን ሙሉ ሲቆይ ሌላው በሰዓታት ውስጥ ቢጠፋ አትገረሙ።

ሽቶ በሙቀት ነው የሚነሣው። በደብረ ብርሃን ጠዋት ሰውነታችሁ ቀዝቅዞ ስትረጩት ሽታው እምብዛም አይሰማችሁም። ያኔ ትጨምራላችሁ። ደግሞ ትጨምራላችሁ። ከዚያ ሰው የሞላበት ሙቅ ክፍል ስትገቡ… ወዮ! ሁሉም ባንድ ጊዜ ይነሣና ጎረቤቶቻችሁን ራስ ምታት ያስይዛል። ደግሞም አፍንጫ የለመደውን ሽታ ይረሳል፤ እናንተ አልሸተታችሁም ማለት ሰው አልሸተተውም ማለት አይደለም። በብርድ አገር ደንቡ ይህ ነው፤ ከልብስ ሥር በቆዳ ላይ፣ አንገት ሥርና ደረት ላይ፣ ሁለት ጊዜ ብቻ። ጋቢና ሹራብ ላይ አትርጩ፤ የትናንቱ ከዛሬው ጋር ይጣላል።

ሽቶ የፈረንጅ ጥበብ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ደግሞ ስለ ዝባድ ይስማ። ዝባድ ጥርኝ ከሚባለው እንስሳ ዕጢ የሚወጣ ቅባት መሳይ ነገር ነው። ኢትዮጵያ ለዓለም የሽቶ ፋብሪካዎች ዋነኛዋ አቅራቢ ሆና ኖራለች። በቀንድ እየታሸገ ነበር የሚላከው። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን ከሥሯ ያለችው አልዩ አምባ ወደ ሐረርና ወደ ባሕሩ የሚወርደው ነጋዴ መገናኛ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1921 የተሠራው ዝነኛው ሻኔል ቁጥር 5 እንኳን እስከ 1998 ድረስ የተፈጥሮ ዝባድ ነበረበት፤ ከዚያ ወዲህ በሰው ሠራሽ ተተካ። ለውጡም መልካም ነው፤ እንስሳው ዕድሜውን በጠባብ ሣጥን ተዘግቶበት ይኖር ነበርና።

የዝባድ ትልቁ ትምህርት ግን ሌላ ነው። ዝባድ ሲበዛ ይከረፋል! በጣም ሲያንስ ነው ደስ የሚለው። የሽቶ ሁሉ ምስጢር ይኸው ነው። ገንዘብ ከሌላችሁም አሪቲና አደስ ልብስ መሃል አድርጎ ማስቀመጥ የእናቶቻችን ዘዴ ነው። እኔ በበኩሌ ከሣጥን የወጣ፣ አሪቲ አሪቲ የሚል ነጠላ ከብዙ ብልቃጥ ሽቶ ይበልጥብኛል።

ጭሱንስ? ስታበስሉ ጸጉራችሁን በሻሽ ሸፍኑ፤ ለማድቤት አንድ አሮጌ ልብስ ለዩ። ደህና ልብሳችሁን ግድግዳ ላይ ከመስቀል ሻንጣ ውስጥ ወይም በላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። ጋቢና ሹራብ በሳምንት አንድ ቀን ለግማሽ ቀን ነፋስ ላይ ይዋሉ። የደብረ ብርሃን ነፋስ ለሌላ ነገር ባይጠቅም ለዚህ ይጠቅማል!

«ቀይ» ለመሆን

አሁን ወደዚያች ልጅ ብልቃጥ እንመለስ። በመጀመሪያው ወር ፊቷ ቀላ፣ ለሰለሰ። ሰውም አደነቃት። በሦስተኛው ወር ፀሐይ ሲነካት ያቃጥላት ጀመር። ጉንጯ ላይ ቀያይ ቀጫጭን ሥሮች ታዩ፣ ብጉር ወረራት። ደንግጣ ስታቆመው የባሰ ነደደባት፤ ስለዚህ መልሳ ቀባችው። የወንድሟ ሠርግ ላይ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ዋለች፤ ፎቶ ላይ የለችም። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ቅባቱ ጠንካራ ስቴሮይድ ያለበት ሳይሆን እንደማይቀር ተነገራት። መዳኑ ወራት ፈጀ። ዛሬም ፀሐይ ላይ ስትቆም ሥሮቹ ይታያሉ።

ይህ የሷ ብቻ አይደለም። የሚያቀላ ቅባት በአብዛኛው ከሦስቱ አንዱ ይኖርበታል። አንደኛው እንደ ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶል ያለ ስቴሮይድ ነው፤ ሐኪም ለተወሰነ በሽታ፣ ለተወሰነ ቀን የሚያዝዘው መድኃኒት ነው። ለውበት ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል። ሁለተኛው ሃይድሮኩዊኖን ነው፤ ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ጭራሽ ቆዳን ሊያጠቁር ይችላል። ሦስተኛው ሜርኩሪ ማለትም ባዜቃ ነው፤ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ኩላሊት ይጎዳል። ሚናማታ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት እንዲህ ያለው ቅባት እንዳይመረትና እንዳይነገድ የወሰነው ያለ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለ ቅባት የጀመራችሁ ካላችሁ ደግሞ በድንገት ከማቆም በፊት ብልቃጡን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ለእኛ ለደጋ ሰዎች ደግሞ ጉዳቱ ይበረታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ደብረ ብርሃን ላይ አየሩ ስለቀዘቀዘ ፀሐይዋ የዋህ ትመስላለች እንጂ ቆላ ካለችው ትከፋለች። የሳሳ ቆዳ ይዞ እዚህ ፀሐይ ላይ መውጣት ማለት…፣ እናንተው ጨርሱት!

ለመሆኑ ይህን ሁሉ ምን አመጣው? አነጋገራችን ነው። «ቀይ ናት» ስንል ማድነቃችን ነው፤ «ጠቆር ትላለች፣ ግን ቆንጆ ናት» ስንል ያቺን «ግን» ማን አስገባት? ጠይም ልጅ በመስታወት ፊት የምትቆመው ያችን «ግን» ይዛ ነው። ቅባት ሻጩ የሚሸጠው እሷን ነው።

ታዲያ ፊታችንን ምን እናድርገው?

ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ፊታችሁን ለብ ባለ ውሃና በቀላል ሳሙና ታጠቡ፤ የልብስ ሳሙና ለልብስ ነው። በጣም የሞቀ ውሃ የቆዳን ቅባት አጥቦ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ነው ቆዳው የሚሰነጠቀውና አመድ የሚመስለው። ከታጠባችሁ በኋላ ሳይደርቅ፣ እርጥበቱ ላይ እንዳለ፣ ቫዝሊን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ቫዝሊን ውሃ አይሰጥም፤ ያለውን ውሃ እንዳይወጣ ይዘጋል እንጂ። ለዚህ ነው እርጥበት ላይ ሲቀባ ይበልጥ የሚሠራው። ግሊሰሪን የምትወዱ ደግሞ ብቻውን ሳይሆን ከውሃ ጋር ቀላቅሉት። ፊታችሁ ወዛም ከሆነ አታብዙ። ከንፈር በምላስ አታርጥቡ፤ የባሰ ያደርቀዋል።

ጸጉር ላይ ቅቤ መቀባት ባህላችን ነው፣ ምን ችግር አለው? ነገር ግን ለጋ ይሁን፣ ግንባር ላይ አይውረድ፤ የግንባር ብጉር አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ሎሚ ፊት ላይ መቀባትን ግን ተዉ። ሎሚም ሆነ ጤና አዳም ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ጠባሳም ይጥላል። ጤና አዳም ቡና ውስጥ ያምራል፤ እዚያው ይቅር! ቀትር ላይ ባርኔጣ ወይም ጥላ ያዙ፤ አቅም ያለው መጠኑ 30ና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ይቀባ። ማዲያት የሚያባብሰው ፀሐይ ነውና ይህ ለማንም ይጠቅማል።

ልብስስ?

በየቦታው የምናየው ፋሽን ብዙ ጊዜ ለሞቀ አገር የተሰፋ ነው። ስስ ሸሚዝ ለብሶ በደብረ ብርሃን ጎዳና ሲሄድ ትከሻው ጆሮው ድረስ የወጣ፣ እጁን ብብቱ ውስጥ የወሸቀ ወጣት አይታችሁ አታውቁም? ልብሱ ውድ ነው፤ ልጁ ግን እየተንቀጠቀጠ ነው። የሚንቀጠቀጥ ሰው በራሱ የሚተማመን አይመስልም። የብርድ አገር ቁንጅና ከሙቀት ይጀምራል። ከውስጥ ቆዳን የማያሳክክ ጥጥ፣ በላዩ ሹራብ፣ ከላይ ነፋስ የሚከለክል ኮት ወይም ጃኬት። ሲሞቅ ማውለቅ ይቻላል።

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ጥቁሩ በርኖስ የበግ ጠጉር ነው፣ ያሞቃል፣ ደግሞ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ግርማው ለብቻው ነው። አልዩ አምባ አካባቢ ያሉት አርጎባዎችም በሽመናቸው የታወቁ ናቸው። ከዚህ አገር የወጣ ሰው ስለ ልብስ ከማንም ተበድሮ መማር የለበትም።

ሳልባጅ መግዛት አያሳፍርም፤ ሰፍቶ የሚንጠለጠል ሳልባጅ ነው የሚያሳፍረው። ከልብሱ ዋጋ ላይ ትንሽ ቀንሳችሁ ለልብስ ሰፊ ክፈሉ። ትከሻው ልክ ከሆነ፣ እጅጌው ከእጅ አንጓ ላይ ካቆመ፣ ሱሪው ጫማ ላይ ካልተከመረ ማንም «ከየት ገዛኸው?» አይልም። ከመልበሳችሁ በፊት ግን እጠቡት። የበግ ጠጉር የሆነውን በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳትጠመዝዙ፤ በሙቅ ውሃ ከታጠበ ለታናሽ ወንድማችሁ ነው የሚሆነው!

ጫማ ደግሞ ብዙ ያናግራል። በብርድ አገር እግር የማያልበው ይመስለናል፤ በተዘጋ ጫማና በናይለን ካልሲ ግን ያልበዋል። ካልሲ በየቀኑ ይታጠብ። ጫማ ማታ ማታ ይናፈስ፤ ከተቻለ ሁለት ጫማ እየተቀያየረ ይደረግ። ከረጠበ የተጨማደደ ጋዜጣ ውስጡ ክተቱ፤ እርጥበቱን ይመጥጣል። ይህንንም ጋዜጣ አንብባችሁ ስትጨርሱ ለዚያ ብታውሉት ቅር አይለኝም!

ጥሩ ልብስ የቱ ነው ብትሉኝ፣ ከለበሳችሁት በኋላ የምትረሱት ነው። ሰው ፊት ቆማችሁ ስትናገሩ ሱሪያችሁን የማትጎትቱበት፣ ብብታችሁን የማትደብቁበት፣ ጉልበታችሁን የማትሸፍኑበት። ልባችሁ ከልብሱ ሲያርፍ ሥራችሁ ላይ ይውላል። በራስ መተማመን የሚባለው ነገር ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ለሁለት ወገኖች

ለተናጋሪው፦ ጓደኛህ ወይም ጓደኛሽ ደስ የማይል ሽታ ካላቸው ለብቻ ጠርታችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ንገሩ። «ሹራብሽን ነፋስ ላይ ብታውዪው» ማለት አንድ ነገር ነው፤ በሰው ፊት «ጭስ ጭስ ትያለሽ» ማለት ሌላ። የመጀመሪያው ሹራብ ያጸዳል፤ ሁለተኛው ልጅቷን ከማታውቀው ብልቃጥ ጋር ያስተዋውቃል።

ለተነገረበት፦ ስታፍሩ የምትገዙትን ነገር ተጠንቀቁ። በኀፍረት የተገዛ ሽቶ ይበዛል፣ በኀፍረት የተገዛ ቅባት ያቃጥላል። አንድ ቀን አሳድሩትና መጀመሪያ ውሃ አሙቁ፣ ሹራቡን አውጥታችሁ አስጡ፣ ቫዝሊኑን ቀቡ። ከዚያ በኋላ ሽቶ ካማራችሁ ለደስታችሁ ግዙ።

አባቶች «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ። ቆዳም፣ ጋቢም፣ የሰው ልብም እንዲሁ ነው።

መልካም ሳምንት!